የኦቦ ሚልኬሳ ግራና ቀኝ

«መንገዱን አላውቀውም» የሚል አበሻ እስካሁን አልተወለደም። ሰምቶት የማያውቀውን ሰፈር ብትጠይቁት እንኳ እጁን ዘርግቶ «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ከዚያ ታጠፍና እዛ ጠይቅ» ይላችኋል። አገሩ በሙሉ የመንገድ ሊቅ ነው። ከነዚህ ሁሉ ሊቃውንት መካከል ግን በየሳምንቱ በሙሉ ገጽ፣ ያውም በተዋበ አማርኛ፣ ሕዝብ መንገድ የሚያስት አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም የተከበሩ የጫካና የጅረት ባለሟል፣ የቡራዩው ኦቦ ሚልኬሳ ናቸው።

ኦቦ ሚልኬሳ ሰባ ዓመታቸው ነው። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የተፈጥሮና የጉዞ ገጽ መጻፍ ጀመሩ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ዙሪያ አይወጡም። «ሩቁንማ ማንም ያየዋል፤ ከጓሮው ያለውን ያየ ማነው?» ይላሉ። አብሯቸው ታክሲ የተሳፈረ ሰው ቶሎ አይደርስም። አንድ ጠዋት ገፈርሳ አጠገብ «ወራጅ አለ!» ብለው ሚኒባሱን አስቆሙና አልወርድ አሉ። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ቆይ! ዝም በሉ! ሰማችሁ?» ይላሉ። ሾፌሩ ጥቂት ታገሰና «አባባ፣ እርስዎ ይወርዳሉ ወይስ ወፏን እንጫናት?» አላቸው።

በዚያ ታክሲ ውስጥ በኀፍረት አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ድንቅቱ ነበረች። ድንቅቱ የሰበታ ልጅ ናት፤ በጋዜጣው የኦቦ ሚልኬሳን ገጽ የምታርመው እሷ ናት። የገጹን ጣጣ የምትቀበለውም እሷው። ሰኞ በመጣ ቁጥር ስልኳ አያርፍም።

«እህቴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ግራ ፏፏቴ አለ ብላችሁ ጻፋችሁ። ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ገብተን ቁጭ አልን!»

«ሙሽራ ይዘን ነው የወጣነው! ፎቶ ልንነሳ! በቬሎ የጤፍ ማሳ አቋረጠች!»

አንዱ ደግሞ ከሰበታ ተነስቶ የሆለታ አበባ እርሻ አጥር ሥር ሆኖ ደወለና «አሁን ወዴት ልታጠፍ?» ሲል ጠየቃት።

በመጨረሻ የዋና አዘጋጁ የአቶ ወርቁ ትዕግሥት አለቀ። ድንቅቱን ጠርተው፣ «ወይ ሰውዬው ግራና ቀኙን ይለይ፣ ወይ ገጹ ይዘጋ። ቅዳሜ አብረሽው ሱሉልታ ሂጂ፤ እዚያ ስላለች አንዲት የዱር ዝይ የጻፈውን መንገድ አጣሪና እርማት ይውጣ» አሏት።

ድንቅቱ ደነገጠች። ገጹ ከተዘጋ ሽማግሌው ምን ይሆናሉ? የድሮ ጽሑፋቸውን አውጥታ ስታነብ ደግሞ ግራ ገባት። ጋጋኖ የምትባለው ወፍ በየትኛው ሳምንት ጎጆ እንደምትሠራ፣ ሱባ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ ፀሐይ የሚሞቅበት ጽድ የትኛው ቅርንጫፉ እንደተሰበረ ሳይቀር ጽፈዋል። የዛፍ ቅርንጫፍ የሚቆጥር ሰው የገዛ ግራ እጁን እንዴት ይስታል?

ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ አደባባዩ ጋ ወረዱ። ድንቅቱ ጋዜጣውን ዘርግታ ወደ ግራ ልትሄድ ስትል ኦቦ ሚልኬሳ ዱላቸውን እየወዘወዙ ወደ ቀኝ ሄዱ።

«ጋሼ! እርስዎ የጻፉት በግራ ነው እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኛ ሆነሽ ጋዜጣ ታምኛለሽ?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሰኔ ጭቃ ጫማዋን እየጎተተ አንድ ሰዓት ሙሉ አስኬዷት። ኮረብታውን ሲያልፉ ረግረጋማ መስክ ብቅ አለ። የመስኩ ባለቤት፣ ሞቱማ የሚባሉ ገበሬ፣ ካፖርታቸውን እንደደረቡ ጠበቋቸው። «አካም ቡልተኒ» ተባብለው ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ሞቱማ ድንቅቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«ይቺ ደግሞ ማናት? ሰው አላመጣም አላልክም?»

«ሰው አይደለችም፣ አራሚ ናት» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ።

ከሣሩ መሐል ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ አምስት ጫጩቶቿን አስከትላ ወጣች። የመጨረሻዋ ጫጩት ተደናቅፋ ውሃው ውስጥ ተደፋች፤ ተነስታ ራሷን አራገፈችና ምንም እንዳልተፈጠረ ተከተለች። ድንቅቱ ሳታስበው ስልኳን አወጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስልኩን መልሳ ከተተችው።

«ሆነ ብለው ነው፣ አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

ኦቦ ሚልኬሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «መጻፍ በጀመርኩ ሰሞን ከሰበታ በላይ ስላለች አንዲት ምንጭ ጻፍኩ። መንገዷን አንድ በአንድ፣ አሳምሬ። በሦስተኛው ሳምንት ሙዚቃ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ተከፈተባት። መኪና ታጠበባት። አጠገቧ ያለው የኮሶ ዛፍ ላይ ‹ወንዲና ማርቲ› ብለው በቢላ ጻፉበት። ምንጯ ደፈረሰች። ከታች ወይዘሮ አረጋሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ የሚጠጡት ከሷ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቆጡም። ‹ልጄ፣ ውሃችንን ጽፈህ ጨረስከው› ብቻ ነው ያሉኝ።»

ሞቱማ ወደ መስኩ ዞር አሉ። ነገሩን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው አይመስልም።

«ታዲያ መጻፉን ለምን አይተዉትም?» አለች ድንቅቱ።

«ስድስት ወር ተውኩት። ግን ሰው ያላወቀው ነገር ሲጠፋ የሚያዝንለት የለም። ስለዚህ እንዲወዱት እጽፋለሁ፤ እንዳይደርሱበት አሳስታለሁ።»

«ሰው ገደል ቢገባስ ጋሼ?»

ኦቦ ሚልኬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «ምን ማለትሽ ነው? የማሳስተው ሁልጊዜ ወደ አስፋልት ነው! ቅርብ ቦታ ዳቦና ሻይ መኖሩን ሳላረጋግጥ ማንንም አሳስቼ አላውቅም። የውሸቱን መንገድ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው በእግሬ የምሄደው። እውነተኛው አንድ ጊዜ ይበቃዋል።»

ድንቅቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በዚህ ጉልበታቸው፣ በዚህ ጭቃ፣ የማያውቁት ሰው በሰላም እንዲሳሳት ብለው ሲንከራተቱ ታዩአት። ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነፋሱ ነው አለች።

ማክሰኞ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እርማቱን መጻፍ ጀመረች። በስምንት ዓመት ሥራዋ እያወቀች ውሸት አስነብባ አታውቅም። ሦስት ጊዜ እውነተኛውን መንገድ ጻፈች፤ ሦስቴም ያቺ የተደፋችው ጫጩት ፊቷ እየመጣችባት አጠፋችው። በአራተኛው ስልክ አንስታ ኦቦ ሚልኬሳ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ከአደባባዩ ቀጥታ ሄዶ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው የት ይደርሳል?»

 ሽማግሌው በተሰበረ ድምፅ፣ «ሌላ ኮረብታ ጫፍ፣ ልጄ። አየሩ ጥሩ ነው። ከሥሩ አስፋልት አለ» አሏት።

በዚያ ሳምንት ጋዜጣ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «እርማት። ባለፈው እትም ስለ ሱሉልታዋ ዝይ በወጣው ጽሑፍ ‹ወደ ግራ› የተባለው ‹በመጀመሪያ ቀጥታ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ› ተብሎ ይነበብ። ለተፈጠረው ስሕተት አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሰኞ ጠዋት አቶ ወርቁ ቢሮ ሲገቡ ጫማቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። ድንቅቱ አየችው። በሩን ዘጉና ከፊቷ ተቀመጡ።

«ትናንት እኔና ባለቤቴ እርማትሽን ይዘን ወጣን።»

«እሺ...» አለች።

«ዝይ የለም። ውሃም የለም። ኮረብታ ጫፍ ላይ ወጥተን ቁጭ አልን። ባለቤቴ ‹አንተ ድሮም መንገድ አታውቅም› ብላ ትስቅብኝ ጀመር። ትልቅ ዳቦ ገዝተን ነበር፣ ሁሉንም በላነው። ስንት ዘመናችን እንደዚያ ቁጭ ብለን ካወራን!» ቀና ብለው አዩአት። ስታያቸው የተቆጡ አይመስሉም።

«ይቅርታ፣ እርማቱን...» ብላ ጀመረች።

«የምን እርማት!» አሉ አቶ ወርቁ ከወንበራቸው እየተነሱ። «ገጹን እንዳትነኩት። እኛ በሚመጣው እሑድ እንደገና እንፈልጋለን።»