ከርከሮ ያሸነፈበት ምርጫ

ከሰው ገላ ውስጥ እንደ እጅ ባለቤቱን የሚከዳ የለም። እኔ በገዛ እጄ የበቆሎ ማሳዬን ለከርከሮ አጽድቄያለሁ። አትሳቁ... ነገሌ ብትኖሩ እናንተም ታጸድቁ ነበር!

ሱቄ ውስጥ ጨው፣ ገመድና ጀሪካን እሸጣለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ አንዲት የበቆሎ ማሳ አለችኝ። ከርከሮዎቹም አለችን ይላሉ። ሌባ ቢሆኑ እኮ ይደበቁ ነበር። አባወራው በጠራራ ፀሐይ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ ጭራውን እንደ ሬዲዮ አንቴና አቁሞ፣ በፊት ለፊት ይገባል። ሥጋውን ክርስቲያኑም እስላሙም አይነካውምና የሚያድነው የለም... ከአስር አለቃ ደምሴ በቀር። አስር አለቃ ከጦር ካምፑ በጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ፈቃድ ያላት አሮጌ ጠመንጃ አለችው። አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ አንዱን ሲጥልልኝ፣ ሌሎቹ ለጥቂት ቀን አድራሻዬን ይረሱታል።

ታዲያ ዘንድሮ ቀበሌው «ማንኛውም አደን ይታገድ ወይስ አይታገድ፣ ሕዝቡ በድምፅ ይወስን» ብሎ ስብሰባ ጠራ። ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ ድኩላውንም ጅግራውንም አድነው ሊጨርሱት ነው። እኔ ግን ያሳሰበኝ በቆሎዬ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ የምርጫ ቅስቀሳ ጽሕፈት ቤት ሆነ። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እንዴት አደርክ ብዬ እይዛለሁ።

«አካም ቡልቴ? ሐሙስ ለእገዳው እጅህን እንዳታወጣ!»

«ናጋ! ኧረ ምን በወጣኝ ጋሼ! እጄን ኪሴ ውስጥ ነው የምሰፋው!»

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ፤ ኪሱም ሁሉ ሞላ። አስር አለቃ አጠገቤ ተቀምጧል። ክርክሩ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ተነሳ።

«እንግዲህ እገዳውን የምትደግፉ...»

አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ፣ አባ ገልገሎ ከፊተኛው ወንበር ብድግ አሉ። የአካባቢያችን ታላቅ ሽማግሌ ናቸው። ሊቀመንበሩ ሲጣደፍ ስብሰባውን ሳያስመርቅ ነበር የከፈተው።

«ሳይመረቅ ነገር ይወሰናል? እጃችሁን ዘርጉ!»

ዘረጋን። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እጁን ኪሱ ውስጥ የሚያኖር ሰው፣ ከብቱም ልጁም አይበረክትለትም።

«ናጋ ሃ ታኡ!» ይላሉ፤ ሰላም ይሁን ማለታቸው ነው። «ሃዬ!» እንላለን፤ እንደ አሜን ነው። ዝናቡን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ፣ መንገደኛውን መረቁ... ቀና ብል ጸሐፊው እስክሪብቶ ይዞ በወንበሮቹ መካከል እየዞረ ይቆጥራል!

«አስር አለቃ፣ እየቆጠረን እኮ ነው!» አልኩት በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ።»

«እጅህን አውርድ!»

«አንተ ቅደም። እኔ በመጪው ወር ልጅ ልድር ነው፤ ምርቃት አላቋርጥም።»

እኔም አላወረድኩም። የሚታገደው አዳኝ ራሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ከአዳራሹ ሁሉ በላይ ጮክ ብሎ «ሃዬ!» ይላል።

አባ ገልገሎ ሲቀመጡ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነበበ። «እገዳው ያለ አንዳች ተቃውሞ፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ዘልዬ ተነሳሁ። «ሊቀመንበር፣ እኛ እኮ ምርቃት እየተቀበልን ነበር!»

«እጅህ ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም?»

«ወጥቷል፣ ግን...»

«ሁለቱም ነው የወጣው» አለ ጸሐፊው። «አንዱን ብቻ የቆጠርኩት እኔ አዝኜልህ ነው።»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «አባ ገልገሎ፣ ይንገሩልኝ እንጂ! እንደገና ይቆጠር ይበሉልኝ!»

«ልጄ፣ የተመረቀበት ነገር ይፈርሳል? ዝናቡንም መልሱልኝ ልትል ነው?»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በዝናብ ላይ ያመፀ ነጋዴ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

በሳምንቱ ቀበሌው የዱር እንስሳት ጠባቂ ሾመ። ከርከሮ የት እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ የተገኘው... አስር አለቃ ደምሴ ነው! ጠመንጃውን ቤቱ ቆልፎ፣ ዱላ ይዞ ሲዞር፣ እኔን አባወራው ከርከሮ ላይ ድንጋይ ስወረውር ያዘኝ።

«ተው ወንድሜ፣ ክልክል ነው።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ይሄ እኮ ባለፈው ወር ተኩሰህ የሳትከው ነው!»

«ያኔ ሌላ ነው። አሁን በእኔ ጥበቃ ሥር ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በሰላም ለምናቸው።»

ለመንኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ማሳው ዳር ቆሜ ለመንኳቸው። በአራተኛው ቀን ሰሙኝና ወጡ... በቆሎው አልቆ ነበር።