ዐሥራ ሰባተኛው ለምን ቀረ?

ረኀብ መጣ ሲባል እንሰማለን እንጂ ረኀብ መጥቶ አያውቅም፤ ሌላው ነገር ሁሉ ይቀራል እንጂ። ጥዑመልሳን ይህን የተማረው በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በዋግ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጨው በአህያ ጭኖ ወደ መንደራቸው የሚመጣ ነጋዴ አንድ ማክሰኞ ቀረ። አባቱ «አህያው ታምሞበት ይሆናል» አሉ። በሁለተኛው ማክሰኞ «ልጁን እየዳረ ነው መሰል» አሉ። በሦስተኛው ደግሞ «ዋጋው እስኪወደድ አድብቶ ነው፤ የነጋዴን ነገር አታውቁም?» አሉ። አባቱ ንግግር ዐዋቂ፣ ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ነበሩና ሦስቱም ምክንያት ያሳምን ነበር። ቤተ ሰቡ እየተሳመነ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። በአራተኛው ማክሰኞ ገበያውም አልቆመ። ስድስት ሆነው ወደ ሱዳን ተነሡ፤ ሱዳን የገባው እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በየሰፈሩ የማይጠፋውን ያንን ክቡር ፈሪ ስታገኙት ቶሎ አትፍረዱበት። ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ጥርት ሲል «ይሄ ጥርት ማለቱ ምንድን ነው?» ይላል። ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል፤ ሳይጮኽ ሲውል ደግሞ የባሰ ይደነግጣል። ሠርግ ተጠርቶ በር በሩን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ያልገጠመው ሰፈር የለም። የእኛው የጀሪፉ ጥዑመልሳን ግን ተራ ፈሪ አልነበረም፤ የፈሪዎች ሊቀ ሊቃውንት ነበር።

ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ደብተር፣ እስክሪብቶና አሻንጉሊት የሚሸጥባት አንዲት ዱካን፣ ትንሽ ሱቅ፣ ነበረችው። አንድ ዕቃ ሲጠፋ ሌላው ነጋዴ «ማፊ» ይባልና፣ የለም ማለት ነው፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሱ ግን «ሌህ?» ይላል። ሌህ በሱዳኖቹ ቋንቋ ለምን ማለት ነው። ይህን ቃል ከማብዛቱ የተነሣ ሱዳኖቹ «ዓም ሌህ» ይሉት ነበር፤ አጎት ለምን እንደ ማለት። እሱም ስሙን እንደ ኒሻን ተቀብሎ ደረቱን ነፍቶበት ይዞር ነበር።

ሕግም ነበረው። «አንድ ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል» ይል ነበር ጣቱን ቀስሮ። «ሁለት ምክንያት ከሰጡህ ጠርጥር። ሦስት ከሆነ ጓዝህን ጠቅልል።»

ጓዙማ ሁልጊዜም እንደ ተጠቀለለ ነበር። ከዱካኑ በር ኋላ አንዲት ቡናማ ሻንጣ ተቀምጣ ትኖራለች፤ ውስጧ ደረቅ ዳቦ፣ አንድ ጋቢ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድና ሌላ ሌላ ወረቀት አለ። ዳቦውን ዓርብ ዓርብ ይቀይረዋል፤ አሮጌውን ለፍየል ይጥላል። በሱ ፍርሃት የሰፈሩ ፍየሎች ወፍረው ነበር።

አንድ ጊዜ ደወል እየደወለ በረዶ የሚሸጥልን ሰው ሁለት ቀን ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ሲናገር ጥዑመልሳን ምክንያቶቹን ቈጠረ፤ ሦስት ሆኑ። ሻንጣዋን አንሥቶ ወድ መደኒ ወደምትባል ከተማ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ በረዶ ሻጩ እጁን ሒና ተቀብቶ ደወሉን ይደውላል፤ ለካ አግብቶ ነው። ጥዑመልሳን ዐይቶት ዐይቶት፣ «ማግባቱስ ቢሆን በድንገት ለምን አስፈለገ?» አለ። ሌላ ጊዜ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው፣ እሱ ብቻ ቤቱ ገብቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ ውኃ ሞላበት። ካርቱም ላይ መፈንቅለ መንግሥት የተደረገ ዕለት ግን ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጦ ጢሙን ያስላጭ ነበር። ስንስቅበት «ያን ቀን ሁሉም ነገር በሰዓቱ መጥቶ ነበር» አለ፤ ከልቡ አዝኖ።

እኔ ጎረቤቱ ነበርኩና ከሁሉ በላይ የምሥቅበት እኔ ነኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሞት ራሱ ሲመጣ በር ላይ አቁመህ ለምን ዘገየህ ልትለው ነው» አልኩት አንድ ቀን። ጥቂት አሰበና «የዘገየበትን ካልተናገረ አላስገባውም» አለኝ።

እንግዲህ ወደ አሻንጉሊቶቹ። ከአንድ የዘንዶና የጠንቋይ ፊልም የተቀዱ፣ ስንዝር የሚያህሉ ምስሎች ናቸው። እያንዳንዳቸው መስኮት ባለው ካርቶን ታሽገው፣ ላያቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ከአንድ እስከ ሃያ አራት በየተራ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ጥዑመልሳን ፊልሙን አላየውም፤ ለሁሉም ግን ማዕርግ ሰጥቷቸዋል። መጥረቢያ የያዘውን ደጃዝማች ይለዋል፤ ዘውድ የደፋችውን እቴጌ፤ ቀንደ መለከት ያንጠለጠለውን በር ጠባቂ ደግሞ አጋፋሪ። ዋነኛው ደንበኛ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሸበቶ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ሰብስበው፣ ካርቶኑን ሳይከፍቱ፣ መደርደሪያ ላይ ያቆሟቸዋል። እየገዛች የምትወስድላቸው ሠራተኛቸው ሉጥፊያ ናት፤ ከወረባቦ የመጣች፣ እናቷንና ሁለት ልጆቿን በሰው ቤት ሥራ የምታኖር፣ በጥዑመልሳን ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች።

ዐሥራ ስድስተኛው በ2015 ዓ.ም. በጥር መጣ። ዐሥራ ሰባተኛው በየካቲት ይመጣል ተብሎ ቀረ።

ጥዑመልሳን ሱቅ አል-ዐረቢ በሚባለው ገበያ ወዳለው አከፋፋይ፣ ወደ ኦመር ሄደ። ኦመር «ማፊ» አለው። «ሌህ?» ፋብሪካው ማምረቱን ትቷል አለ ኦመር፤ ሰው ጀግናውንና ንግሥቲቱን እየገዛ በር ጠባቂውን ይተዋል፤ በአንድ ትልቅ ካርቶን ከሚመጡት ዐሥራ ሁለት ዘጠኙ ሳይሸጡ ይከርማሉ። ጥዑመልሳን ተመልሶ መደርደሪያውን ቢያይ እውነትም አምስት አጋፋሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አቧራቸውን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ጠረገላቸው።

በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ሄደ። አሁን የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ተመልካች አጥቶ ሦስተኛው ላይሠራ ነው ተባለ። በመጋቢት ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ። የፊልሙ ባለቤቶችና ፋብሪካው ውላቸው አልቋል፤ ያለ ፈቃድ በዚያ ቅርጽ ማምረት አይቻልም ተባለ። ኦመር ቅን ሰው ነው፤ ሻይ አቀረበለትና ትከሻውን ያዝ አድርጎ «አንተ ዓም ሌህ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው» አለው።

ጥዑመልሳን ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሦስት ምክንያት፤ ሦስቱም የሚያሳምን። መንገዱን ሁሉ ሲያስብ ሄደ። ኦመር የሚያውቀው ነገር አለ፤ አስመጪዎቹ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ወደዚህ አገር ዕቃ መላክ የተዉት ሊሆን የተቃረበ ነገር ስላለ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሁሉ ወታደር በጫነ መኪና ተሞልቶ ነበር። እኛ ወታደሩን እያየን ለምደነው አልፈራንም፤ እሱ ደግሞ አሻንጉሊቱን ፈርቶ ወታደሩን ልብ አላለውም።

ለእኔ ሲነግረኝ ዕንባዬ እስኪፈስ ሣቅሁ። ለሉጥፊያ ሲነግራት እሷም ሣቀች። ኋላ የዱካኑን በር ሊቆልፍ ሲሞክር ቁልፉ ቀዳዳውን አላገኝ አለው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሣቋን አቆመች። እንሂድ፣ ወደ ድንበሩ እንጠጋ እያለ ሁለት ቀን ለመናት። ለዒድ እንግዳ ስለሚበዛ እመቤቷ፣ የሐኪሙ ሚስት፣ አትለቃትም፤ ብትለቃትም ቅዳሜ ካልገባች ሌላ ሠራተኛ ታስገባለች፤ ያ ማለት ወረባቦ ያሉት ሦስት ሰዎች ጦማቸውን ያድራሉ ማለት ነው።

«አላምንዎትም ጋሼ» አለችው በመጨረሻ። «ወላሂ አላምንዎትም። ግን በዚህ እጅዎ ብቻዎን ባስ አይሳፈሩም።»

እስከ ዓርብ ፈቃድ ለምና፣ በሕማማቱ ማክሰኞ አብራው ተነሣች። ረመዳንም ነበርና እሱ በጾሙ፣ እሷም በጾሟ፣ ሁለት የተራቡና የተኮራረፉ ሰዎች ሆነው ወጡ። በር ላይ ሆኜ «ፋሲካን ሸሽቶ የሚሄድ ክርስቲያን አንተን አየሁ» አልኩት። ሁለት ዶሮዎች ገዝቼ አስሬ ነበር።

ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከተማ፣ ከገዳሪፍ ደርሰው መናኸሪያው አጠገብ ክፍል ያዙ። ረቡዕ ምንም የለም። ኀሙስ ምንም የለም። ጥዑመልሳን መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ከካርቱም የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ አገሩ እንዴት ነው ይላል፤ ሁሉም «ተማም» ይለዋል፤ ደኅና ነው። እያንዳንዱ ተማም እንደ ጠጠር ይመታው ጀመር። አንድ ነገር እንዳይሆን ይፈራል፤ ወዲያው ደግሞ ምንም ሳይሆን ቢቀርስ ብሎ መፍራቱን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ከራሱ ይደነግጣል። የሰው ከተማ ባይጠፋ ሊያዝን ነው እንዴ? ስቅለት ዕለት ክፍሉ ውስጥ ሲሰግድ ዋለ፤ ልመናው ተሳስቼ ልገኝ የሚል ነበር። ይህን የነገረኝ ቆይቶ ነው።

ሉጥፊያ ለቅዳሜ ጠዋት የመመለሻ ትኬት ቈረጠች። አልከለከላትም። «ይዘሽኝ መጥተሻል፤ እኔም ብቻሽን አልሰድሽም» ብሎ ለራሱም ቈረጠ። ወደሚፈራው ቦታ በገዛ እግሩ ሊመለስ ነበር።

ባሱ የሚነሣው ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሁለት ሆነ፤ ጎማ እየቀየርን ነው ተባለ። ጎማው ተቀየረ፤ ባሱ ግን አልተነሣም። ሉጥፊያ ወደ ጥዑመልሳን ዞር አለች። ዕድሜውን በሙሉ የጠየቀውን እስኪጠይቅ ጠበቀችው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ሰንደል ጫማውን ያያል፤ ዐፍሯል። ዝምታው ከጥያቄው ሁሉ ይልቅ አስፈራት። ተነሥታ ወደ ሾፌሩ ሄደችና ራሷ ጠየቀች፤ «ሌህ?»

ሾፌሩ አንድም ምክንያት አልሰጣትም። ጆሮው ላይ የያዘውን ስልክ አውርዶ ድምፁን ከፍ አደረገው። ካርቱም ያለ ወንድሙ ስልኩን መስኮት ላይ አኑሮታል። ከስልኩ የሚወጣው የሰው ድምፅ አልነበረም፤ ከተማው መሐል የሚተኮስ የመድፍና የመትረየስ ድምፅ ነበር። ባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሰማ። አንዲት ሴት መንገድ ላይ የሚዘረጋ የሰላት ምንጣፏን አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ማንም ውረዱ ሳይል፣ አንድ በአንድ ወረዱ።

ጥዑመልሳን «አላልኩም?» አላለም። የሉጥፊያን ስልክ ተቀብሎ ጀሪፍ ለቀረነው ጎረቤቶቹ ለያንዳንዳችን ደወለ። እኔ አልጋ ሥር ሆኜ አነሣሁ። ካለው ዕቃ ሁሉ ውኃ ሙላ፣ ከመስኮት ራቅ አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሦስተኛው ቀን አል-ጣኢፍ ያለው የሐኪሙ ቤት ተመታ። ባልና ሚስቱ ተርፈዋል፤ ሉጥፊያ ጠዋት ጠዋት ልብስ የምታጥብበት ጓዳ ግን አልተረፈም።

እኔ የወጣሁት በአርባኛው ቀን ነው። መተማ ደርሼ ስፈልገው፣ ከአንዲት ቆርቆሮ በታች ተቀምጦ ሳሙናና ክብሪት ሲሸጥ አገኘሁት። ሉጥፊያ ወደ ወረባቦ ገብታለች፤ ደኅና መሆኗን ለመናገር ዓርብ ዓርብ ትደውልለታለች። አስቀድሜ ከኦመር ጋር በስልክ ተገናኝቼ ነበርና ያመጣሁት ወሬ ነበረኝ። የኦመር ሱቅ ተቃጥሎ እሱ ፖርት ሱዳን ገብቷል። ለዓም ሌህ ንገርልኝ ያለኝ ይህ ነው፦ ሦስቱም ምክንያት እውነት ነበር። በር ጠባቂው አልሸጥ ብሏል፣ ፊልሙም ወድቋል፣ ውሉም አልቋል፤ ከካርቱም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የማውቀው ነገር ቢኖር ሱቄን ከፍቼ እቀመጥ ነበር? ብሏል ኦመር።

ይህን የነገርኩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነው። በዚያ አርባ ቀን መንገድና መደበቂያ ውስጥ የናፈቀኝ ቤቴ አልነበረም፤ በር ላይ ቆሞ የሚነዘንዘኝ ይህ ፈሪ ነበር። እሱ ግን አልተከራከረም። ለአንድ ገዢ ሳሙና ሰጥቶ ሸኘ።

«እንግዲያ ተሳስቼ ነበራ» አለ። «ሃምሳ ጊዜ ፈራሁ፣ ሃምሳውንም ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ይኸኛውንም ጨምረህ። ፍርሃቴማ ማንንም አላወጣም፤ ቢያወጣ ኖሮ አንተንም ያወጣህ ነበር። ሉጥፊያ አላመነችኝም። ሳታምነኝ፣ እንጀራዋን ጥላ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም ብላ ተነሣች። ያወጣን ያ መነሣቷ ነው። ሌላው ሁሉ ምክንያት ነው።»