ትከሻዬና ጠያቂዎቼ

የእኛ አገር ሰው በትከሻ ሰላም የሚባባለው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እጅ አነሰን? ትከሻ ለትከሻ ካልተጋጨን የተገናኘን አይመስለንም።

አምቦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ቀኝ እጄ እንጀራዬ ነው። ባጃጅ ተገልብጦብኝ ትከሻዬ ከወለቀ ወዲህ ግን መውለቅ ለመደ። ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርጌ ልጽፍ ስል ውልቅ። ሸሚዝ ስለብስ ውልቅ። ዘመድ ሁሉ ወጌሻ ጋ ሂድ አለኝ። ጊንጪ ድረስ ሄጄ ታሸሁ፤ አምቦ ሳልገባ ደግሞ ወለቀ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሐኪሙ የተበጠሰውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር ሰፍቶ፣ ክንዴን ደረቴ ላይ አስሮ ሸኘኝ። እስኪጠና ማንም እንዳይነካው፣ ዳግመኛ ከተበጠሰ መከራ ነው አለኝ። ደግ ሰው ነው። ዘመድ አለህ ወይ ብሎ ብቻ አልጠየቀኝም።

አምቦ ስገባ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ይሉና ትከሻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለቤቴ አልማዝ በር ላይ ቆማ፣ እባካችሁ በቃል ብቻ ስትል ዋለች። አንዷ ጎረቤታችን እንዲያውም ከአዲስ አበባ ኩራት ይዞ መጣ ብላ አማችኝ። ትማ፤ ሐሜት ጅማት አይበጥስም።

ከዚያ አጎቴ ኦቦ ደበሌ ከጌዶ ደረሱ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አልማዝ ስታያቸው በሩን ትታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔም ተነስቼ ያለኝን እጅ፣ ግራዬን ዘረጋሁ። ለአጎት ግራ እጅ! ፊታቸው ጠቆረ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀይመኸኛል እንዴ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ሐኪም ከልክሎኛል ብል በሐኪም አሳብቤ የገፋኋቸው ሊመስላቸው ነው። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ የዘረጋሁትን እጅ ሰበሰብኩ። እሳቸውም ሳብ አድርገው አቀፉኝ። ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደገና ቀኙን። ውስጤ የሆነ ነገር ጧ ሲል ተሰማኝ።

አሁን ጠመኔው ከደረቴ በላይ አይወጣም። የሰሌዳው ላይኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ቆመው ይገለብጣሉ። ሐኪሙ እንደገና ቢሰፋም እንደ ቀድሞው እንደማይሆን ነግሮኛል። አርሬያለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ የሚጠላኝ ሰው እኮ አልነካኝም። አጎቴ ጌዶ ገበያ ላይ፣ ድሮም ቢላ የነካው አይድንም፣ ሐኪም ልጄን አበላሸብኝ እያሉ ያለቅሳሉ አሉ።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰውዬ ትከሻው ጤነኛ ነበር።