ባዶ የማይመለስ ባልዲ

በዚህ ዘመን ሰው የሚፈራው ብዙ ነገር አለው። ሌባ ይፈራል፣ በሽታ ይፈራል፣ የዘይት ዋጋ ይፈራል። እኔ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ስለሆንኩ ሦስቱንም እፈራለሁ፤ ከሁሉም አብልጬ የምፈራው ግን ስጦታን ነው። አትሳቁ። ሌባ ቢመጣባችሁ ትጮሃላችሁ፣ ጎረቤት ይደርስላችኋል። ስጦታ ተሸክሞ የሚመጣው ግን ራሱ ጎረቤት ነው። ለማን ትጮሃላችሁ?

ከወሎ በሠፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት ጎረምሶች አንዱ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ስለተማርኩ የእህል መጋዘን ጥበቃ ላይ መደቡኝ፤ እዚያው አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። መጋዘን የጠበቀ ሰው ደግሞ አመሉ አይለቀውም። ቤቴ ውስጥ ሽሮ ሲቀነስ፣ ዘይት ሲጎድል፣ ተኝቼ እንኳ ይታወቀኛል። ልጆቻችን ወጥተው ሁለታችን ብቻ ቀርተን ሳለ፣ ባለቤቴ ይመኙሻል በመቀነቷ የምትቋጥረው የአስቤዛ ብር ሁልጊዜ ከወሩ ቀድሞ ያልቃል። ብሩ ይሄዳል፤ ወሩ ተቀምጦ ያየናል።

ዘንድሮ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጣራው ነው። ከአልጋችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ዝጎ ተበልቷል፤ ክረምቱም ሊገባ ነው። የአሶሳን ዝናብ ያልቀመሰ ሰው ዝናብ አውቃለሁ አይበል። ከአስቤዛው ትንሽ ብንቆጥብ ወሩ ሲያልቅ ቆርቆሮ ይገዛል ብዬ ለይመኙሻል ብነግራት፣ ቋጠሮዋን ፈታ ብሩን ከፊቴ አስቀመጠችው።

«እንካ፣ አንድ ወር ያዘው! ግን ወሩ ሳያልቅ ጎረቤት ሄደህ ሽሮ ከተበደርክ ብሩ ወደኔ ይመለሳል፤ አንተም ሁለተኛ በድስቴ ጉዳይ አፍህን አትከፍትም።»

እሺ አልኩ። ያን ሁሉ ኩንታል የጠበቅኩ ሰው አንድ ድስት ያቅተኛል?

ገበያ ወጥቼ የወሩን ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይትና ስኳር ገዛሁ። ሁሉንም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። የተረፈውን ብር ለቆርቆሮው ብዬ ለየሁት። ከዚህ ሌላ ያልነገርኳት አንድ ዘዴ ነበረኝ፦ ማንጎ። በማንጎ ወቅት አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሚገዛ ሰው ካያችሁ ትናንት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ነው። ከዛፉ ሥር ይረግፋል፣ ፍየል እንኳ ጠግቦ ያልፈዋል። እናም ቁርስ ማንጎ፣ መክሰስ ማንጎ፣ እራት ጥቂት እንጀራ በብዙ ማንጎ አደረግኩት። ይመኙሻል ታየኝና፦

«ሽማግሌው፣ የሌሊት ወፍ ሆንክ እኮ!» ትላለች።

ሆዴም አልተስማማም። እሱን ግን ለእናንተ በዝርዝር መንገር ነውር ነው።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ሐዋ መጣች። ሐዋ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ደጇ ላይ ያለው የማንጎ ዛፍ የግቢያችንን ግማሽ በጥላው ይዞታል። ባልዲ ሙሉ ማንጎ ደጃችን ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማንጎ ብዙ ነው፤ መሬት ላይ እየበሰበሰ ነው። ብላ!»

ደስ አለኝ። በጀቴ ከሰማይ ተደገፈ አልኩ። ይመኙሻል ማንጎውን ገልብጣ ባልዲውን አጠበችና እጇን ዘረጋች።

«በምን ልመልሰው?»

የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ እናንተም ታውቃላችሁ። የደሃ ደሃ እንኳ ቢያንስ ጭብጥ ጨው ጣል ያደርግበታል። ሳጥኑን ከፍቼ ሽሮ ሰፈርኩ። ሐዋ በሽሮው ደስ ብሏት በማግስቱ ከፊተኛው የሚበልጥ ባልዲ ይዛ መጣች። ከማዶ ያለችው የመምህሩ ሚስትም የሐዋን ባልዲ ስታይ ቅር እንዳይለን ብላ የራሷን ላከች። ሰፈሩ ሁሉ ማንጎውን የሚጥልበት አጥቶ ኖሮ እኔን አገኘ። ማንጎ በነፃ ይገባል፤ ምስርና ስኳር በነፃ ይወጣል።

የመጋዘን ሰው ነኝና ዘዴ ፈለግኩ። የመምህሩን ሚስት ማንጎ በሐዋ ባልዲ ሞልቼ ራሴ ለሐዋ አደረስኩላት። ማንጎ በማንጎ፤ ማን ተጎዳ? ሐዋ አንዱን አነሳች፣ አገላበጠች፣ አሸተተች።

«ጋሼ፣ ይሄ የኛ ማንጎ ነው።»

«ማንጎ ማንጎ ነው እንጂ ስም አለው እንዴ?»

«አለው! ወላሂ የኛ ዛፍ ነው። ክር የለውም። እኔ ለመምህር ሚስት ሰጠሁት።»

የመምህሩ ሚስትም በጀት ይዛ ነበር ማለት ነው።

በሀፍረት ተመልሼ ስኳር ላክሁላት። ከዚያ በኋላ ቁርጥ ውሳኔ ወሰንኩ፦ ማንጎውን እቀበላለሁ፤ ባልዲውን አልመልስም። ያልተመለሰ ባልዲ ባዶውን ተመለሰ አይባልም። የመጣውን ሁሉ ከአልጋው ሥር ደበቅኩ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ይመኙሻል ከአልጋ ለመውረድ በባልዲ መሃል መንገድ እየፈለገች፣ «ለጣራ አልክ፤ የባልዲ ሱቅ ከፈትክ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ልቤ አረፈ። ወሩ ሊገባደድ ነው፣ ሳጥኑ ሽሮና ምስር አለው፣ የቆርቆሮው ብር አልተነካም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ጣለ አልልም፤ ወደቀ። ጣራው ከአልጋው በላይ ብቻ ሳይሆን እኛ በማናውቀው ቦታ ሁሉ ያፈስ ጀመር። ያን ጊዜ ባልዲዎቼን አመሰገንኩ። ሁሉንም ከአልጋው ሥር አውጥቼ ጠብታው ባለበት ደረደርኩ። ዝናቡ እንዳባራ በሩ ተንኳኳ። ሐዋ ናት።

«ጋሼ፣ ባልዲ የት ነው? እቤት አንድ የለም።»

የደነገጠ ሰው አእምሮው ቀርቶ እጁ ነው የሚያስብለት። ቀዩን ባልዲዋን፣ ዝገትና የሸረሪት ድር የሚንሳፈፍበትን ውሃ እንደያዘ፣ አንስቼ ሰጠኋት።

«ይኸው፤ ባዶውን አይደለም።»

ባልዲውን አየች። እኔን አየች። ቀና ብላ ጣራውን አየች። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች።

«አብዱ! አብዱ ና! ጋሼ ዝናብ ሰጠኝ!»

ባሏ አብዱ እየሮጠ ገባ፤ ቤቱን ዞሮ አየና ፊቱ ከፋ። «ጣራ እንዲህ እያፈሰሰ ዝም ትላለህ? ጎረቤት አይደለንም?» አለኝ። ሱቁን ሲያድስ የተረፈው ቆርቆሮ ነበረው። በማግስቱ የሰፈሩን ወንዶች አስተባብሮ መጣ። ብር አንነካም አሉ። እንባዬ ሊመጣ ነበር፤ ቆርቆሮው በነፃ፣ ሥራው በነፃ!

ለደቦ የወጣ ሰው ግን ሳይበላ አይሄድም። ይመኙሻል እጇን ዘረጋች፤ ከአንገቴ ላይ ቁልፉን አወለቅሁ። እርዳችን ስለሚለያይ ሥጋ አይጠበቅብኝም፤ ሃይማኖት አዳነኝ አልኩ። አላዳነኝም። ጣራውን ለመጠገን ሻይ ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ወሰደ፤ ምሳው እስከ አመሻሽ ቀጠለ። ሽሮው አለቀ፣ ምስሩ አለቀ። ሻዩም መጣ፤ እዚህ አገር ሻይ ማለት ትንሽ ውሃ የነካው ስኳር ነው። ስኳሩ መሃል ላይ ሲያልቅ አብዱ ብርጭቆውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ሻይ መራራ ነው» አለኝ። ሮጬ ሱቅ ሄድኩ፤ ዘይትና ምስርም ጨመርኩ። በምን ብር እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሒሳቡን ሳስበው ቆርቆሮውን ገበያ ሄጄ ብገዛው ይረክሰኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ወሩ ገና አላለቀም፤ እኛ ግን አለቅን። ይመኙሻል የሽሮውን ባዶ ኩባያ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሐዋ ቤት በአገጯ አመለከተችኝ።

ሐዋ በሯ ላይ አየችኝ። ኩባያውን ሞልታ፣ ጠቅጥቃ፣ እንደገና ሞልታ ሰጠችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴን ነፍቼ ነው የተራመድኩት። በውላችን መሠረት የአስቤዛው ቋጠሮ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ያ ኩባያ በምን ተሞልቶ እንደሚመለስ ከእንግዲህ የይመኙሻል ራስ ምታት ነው።