ጄል ያስገድፋል ወይ?

እናንተዬ፣ ከሩጫው ስንቁ የሚበዛ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አለኝ፤ ካሳዬ ይባላል። ለማራቶን ልምምድ ሲወጣ ከፓኬት የሚመጠጠውን ጣፋጭ ጄል እንደ ጥይት በወገቡ ደርድሮ ነው። ገና ማይል ሳይሞላ አንዱን ይመጠምጣል። "ሳይርብህ ብላ ነው ሕጉ" ይለኛል፣ ቆሞ እንኳ እየተቁነጠነጠ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ጭንቅ ሆነ። ጄሉ ቢያስገድፍስ? እኔን አስከትሎ የንስሐ አባቱ ዘንድ ከነፈ።

"አባ፣ ኢንግሪዲየንቱን ቼክ አድርጌያለሁ፤ ወተትም እንቁላልም የለበትም። ያስገድፋል?"

አባ ፓኬቱን አገላብጠው አዩት። "መቼ ነው የምትበላው?"

"እሁድ ጠዋት፣ ስሮጥ።"

"ልጄ፣ ጄሉስ የጾም ነው። አንተ የገደፍከው ቅዳሴውን ነው።"

ካሳዬ ሩጫውን ወደ ቅዳሜ አዛወረና እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ቆምን። ሃያ ማይል የማይበግረው ሰው ቅዳሴው ሳይጋመስ እግር መቀያየር ጀመረ። መቋሚያ አቀበልኩት፤ አልበቃውም። እጁ ከነጠላው ስር ቀስ ብሎ ወደ ወገቡ ሲወርድ አየሁት።

"ካሳዬ!" አልኩት በሹክሹክታ፣ "አሁንማ ያስገድፋል!"