በጣና ዳር በብስክሌት የተጓዘው ኮሚቴ ገድል

ዓለም ብዙ ታላላቅ ጉዞዎችን አይታለች። መርከብ ውቅያኖስ አቋርጧል፣ ሰው ጨረቃን ረግጧል። ሁሉም ግን አንድ ጉድለት ነበረባቸው፦ ተጓዦቹ ተነሥተው መሄዳቸው። ይህን ጉድለት ለማረም የታደለው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ፣ ለትሕትናው ስንል ስሙን የማንጠራው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ጤንነትና ለገጽታ ግንባታ ሲባል ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ፣ በቡሬ አድርጎ፣ የጣናን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ እስከ ጎርጎራ የሚዘልቅ የብስክሌት ጉዞ አቀደ። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴም ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኃላፊው አቶ እንግዳው፣ ጸሐፊው የዕቅድ ባለሙያው ትዕዛዙ ነበሩ። ከሰባቱ ብስክሌት መንዳት የሚችል አንድም አልነበረም፤ ይህም ኮሚቴውን ከአድልዎ ፍጹም ነጻ አድርጎታል።

በግቢው ውስጥ የነበረችውን አንዲት ብስክሌት የምትነዳው ደብዳቤ አመላላሿ እልፍነሽ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከባጃጅና ከጋሪ ጋር እየተጋፋች፣ ሲያስፈልግም እስከ ቡሬና እስከ ሽንዲ እየዘለቀች ደብዳቤ አድርሳለች። ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝን እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች። ጣናን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ፎቶ ነው። የጉዞውን ወሬ ስትሰማ ልቧ ከእሷ ቀድሞ ቡሬን አለፈ። ልትመዘገብ ገባች።

«ልምድ አለሽ?» አሏት አቶ እንግዳው።

«በየቀኑ እነዳ የለም እንዴ ጋሼ? የእርስዎን ደብዳቤ ይዤ።»

«እሱማ ሥራ ነው። ልምድ ማለት በጽሑፍ የሰፈረ፣ ማኅተም ያረፈበት ነገር ነው። ደግሞም ያለው ሰባት ቦታ ነው፤ ሰባታችን ይዘነዋል።»

እልፍነሽ እጅ ነሥታ ወጣች። ኮሚቴው ግን አልተኛም። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው «ቀድሞ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ሲሉ ስለጠቀሱ፣ ቀኑን ሙሉ ገና ስላልተገዙት ብስክሌቶች ኮርቻ ልስላሴ ሲመከር ዋለ። በሁለተኛው ኮፍያ ታተመ። በሦስተኛው፣ መንገዱ ላይ ያሉት ዳገቶች ከቁልቁለቶቹ ስለሚበዙ ማስተካከያ እንዲደረግ ለሚመለከተው ክፍል እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በአራተኛው፣ በመንገድ ላሉ አሥራ አንድ ጽሕፈት ቤቶች የትብብር ደብዳቤ ወጣ፦ ጽሕፈት ቤቶቹ ለተጓዦቹ እግር መታጠቢያ ሙቅ ውኃ እንዲያዘጋጁ።

በእኛ አገር ደግሞ ደብዳቤ ደረሰ የሚባለው በእጅ ተሰጥቶ፣ በማድረሻ መዝገብ ላይ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ ነው። ጸሐፊው ትዕዛዙ አሥራ አንዱን ፖስታ ለእልፍነሽ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈላት። እልፍነሽ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ አየች፦ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ…

«በምን ልሂድ?»

«እንደ ወትሮሽ» አላት፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል።

እንደ ወትሮዋ ሄደች።

የቡሬን ቁልቁለት ነጠላዋ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ወረደችው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዳገት ገና ማስተካከያ አልተደረገለትም ነበርና እየገፋች ወጣችው። ጤፉን ሲያርም የነበረ አንድ ሽማግሌ፣ ማን ሞቶ ነው እንዲህ የምትከንፊው ብሎ ጠየቃት። ማንም እንዳልሞተ፣ ኮሚቴ ብቻ እንደተሰበሰበ ነገረችው። «እግዜር ያጥናችሁ» አላት።

ቁንዝላ ስትደርስ ውኃው ድንገት ተዘረጋ። የቀን መቁጠሪያው ዋሽቷት ኖሯል፤ ዳር አበጅቶለት ነበር፣ ይኸኛው ግን ወዲያ ማዶ የለውም። የፊት ጎማዋን እስከ መሐል ነክራ፣ ብቻዋን እየሳቀች ቆየች። ከዚያ ደብዳቤውን ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሰጠች።

«ተጓዦቹ መቼ ይደርሳሉ?» አሉ ሴትዮዋ አንብበው።

«ደርሰዋል።»

«ሰባት ይላል እኮ እዚህ።»

«የቀሩት ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ወይዘሮዋ አቧራዋን አዩ፣ ብስክሌቷን አዩ፣ ማኅተሙን መቱና ሙቅ ውኃ አስመጡ። ኮሚቴው በታሪኩ ካወጣቸው ውሳኔዎች ሁሉ በተግባር ላይ የዋለው የመጀመሪያው ይህ ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ስብሰባው መሐል ገባችና መዝገቡን ዘረጋች። «ልምድ በጽሑፍ ብለውኝ ነበር ጋሼ። አሥራ አንድ ማኅተም አለው።»

አቶ እንግዳው ገጹን አገላበጡ። ቀስ በቀስም ፊታቸው በራ፤ ለካ ጉዞው አልቋል። ሰባቱም ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ብስክሌቷን ከበው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶውን ያነሣችው እልፍነሽ ናት። ጉዞው በኮሚቴው ብርቱ አመራር መቶ በመቶ እንደተከናወነ የሚገልጽ ሪፖርትም ለበላይ አካል ተላከ። እልፍነሽም አልተረሳችም፤ ዘጠኝ ቀን ከሥራ ገበታዋ ስለ ጠፋች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት።

ደብዳቤው ቁጥር ወጣለት፣ ማኅተም አረፈበት፣ እንደ ደንቡም ለተቀባይዋ በእጅ እንዲደርስ ለደብዳቤ አመላላሿ ተሰጠ።

«ዛሬውኑ አድርሺና አስፈርሚ» አላት ትዕዛዙ፣ ቀና ሳይል።

እልፍነሽ ስሟን ፖስታው ላይ አነበበች። የማድረሻ መዝገቧን ገልጣ፣ በቆንጆ ጽሕፈቷ እንዲህ ስትል ሞላች፦ «ተቀባይዋ በቢሮዋ አልተገኘችም። ጣና ዳር ታይታለች ስለተባለ፣ እዚያው ወርጄ አደርሳለሁ።»

እንደ ወትሮዋም ሄደች።