ለእህቱ የሚመጥን ነጭ

ፍጹሙ እስኪገኝ ድረስ ደህናውን የሚከለክል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ የደረሱን ሰፈሩ "ክቡርነታቸው" እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በማተሚያ ቤት ወረቀት ሲመርጡ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተውም ነጭ ወረቀት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ።

የታላቅ እህታቸው ዓይን እየደከመ ሲሄድ ሐኪሙ፣ "ፊደል የሚያገዝፍ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ቶሎ ይግዙላቸው፤ ዓይናቸው ጊዜ አይሰጥም" አላቸው። ቶሎ! ለማን ነው የሚናገረው?

ክቡርነታቸው ሱቅ ገብተው ወረቀታቸውን ከማንበቢያው ጎን ዘረጉ።

"ይሄ ገጽ ነው የምትለኝ? የሥጋ መጠቅለያ እኮ ነው!"

"ጋሼ፣ ተፈጥሮው ትንሽ ግራጫ ነው። ፊደሉ ግን ይነበባል፤ ይዩት።"

"ጭጋግ ውስጥ የጠፋ ቁራ ነው የሚመስለው!"

ሁለተኛው ሱቅ ያለው መብራቱ ሲበራ ቢጫ ሆነባቸው፤ "ጉበቱን የታመመ" ብለው መለሱት። ሦስተኛው ባለቀለም ነበር፤ ገጹ ጭራሽ ጠቆረ። "ቀለም ጨምራችሁ ብርሃኑን ሰረቃችሁት!" ብለው ሻጩን አፋጠጡት።

እህታቸው ቢለምኑ፣ ቢለምኑ።

"አንተ ሰው፣ ገጹን ልበላው ነው? ግራጫም ይሁን፣ ፊደሉን አምጣልኝ!"

"ቆይ እትዬ፣ የሚቀጥለው ይሻላል እያሉ ነው። ላንቺማ ግራጫ አላቀርብም!"

ዓመት አለፈ። እኔ የግድግዳ ጎረቤታቸው በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። "ክቡርነትዎ፣ ዓይን ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?" ብላቸው፣ "አንተ ደግሞ ችኩል ነህ" ብለው አለፉኝ።

በመጨረሻ አገኙት። ገጹ የነጣ፣ ፊደሉ የከሰለ። እያለከለኩ ገብተው እህታቸው እጅ ላይ አኖሩት። እህትየው ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ አራቁት፤ አቀረቡት።

"ነጩ ይታየኛል" አሉ። "ፊደሉ የት ጋ ነው?"

አገዘፉላቸው። ገጹ አንድ ቃል ብቻ እስኪይዝ አገዘፉላቸው።

"የት ጋ ነው?"

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ክቡርነታቸው ራሳቸው ልብ ወለድ ያነቡላቸዋል። አንድ ቀን ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ልነግራቸው ቆርጬ ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቃሉን አንድ በአንድ እየመዘኑ ያነባሉ።

"ፍጠን እንጂ!" ይላሉ እህትየው። "የመጽሐፉ ሰውዬ እኮ ገና ደጁ ላይ ነው፤ እዚያው ሊያረጅብህ ነው?"

"ይቅርታ እትዬ። ይቅር በይኝ።"

ይቅርታው ለንባቡ ብቻ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እህትየው የወንድማቸውን እጅ በዳበሳ ፈልገው ያዙና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

እኔም የመጣሁበትን ዋጥኩና ወንበር ሳብኩ።

"ትንሽ ጮክ ይበሉ" አልኳቸው። "እኔም ልስማ።"